ጣልቃ የገባ ሉክ

ሚሌ ላይ ቀጭን ደብተር አይገኝም። ሙቀቱ ሰውን ያከሳል፣ ፍየልን ያከሳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ የሚመነዘር ኪስንም ያከሳል፤ ደብተርን ግን ያወፍራል። ከኮምቦልቻ በካርቶን ታሽጎ ሲወርድ ባለ 50 ሉክ የነበረ ደብተር፣ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ በተቀመጠ በዓመቱ ሽፋኑ አልከደን ይላል። ሆዱ ይገፋል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ ከካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ካልታሰረ በቀር ገጾቹን መሰብሰብ ያቅተዋል። ላብ ጠጥቶ ነው እንዳይባል ላብ ይደርቃል። ያወፈረው በገጽና በገጽ መካከል የሚገባበት ሌላ ገጽ ነው።

ነገሩ ከከተማዋ ሥራ ይመጣል። ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ የሚመጣው አውራ ጎዳናና ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሚሌ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ከዚያም ጅቡቲ ነው። አገሪቱ ከምታስገባውና ከምታስወጣው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ብረቱ፣ የሙሽራ ሶፋው ሳይቀር ብዙው በዚህች ከተማ ጎማውን አቀዝቅዞ ነው የሚወጣው። ጎማው ሲቀዘቅዝ ሾፌሩ ይበላል። ሾፌሩ ሲበላ ይጻፋል።

ለምን ይጻፋል ላለ፣ ሾፌር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አበሉን ለቤቱ ትቶ ነው የሚወርደው። እጁ ላይ ሳንቲም የሚገኘው ሲመለስ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ እንደ «መልስ ላይ» የሚደጋገም ቃል የለም። ጥብሱ መልስ ላይ፣ ሻሂው መልስ ላይ፣ ረዳቱ የወሰደው የሞባይል ካርድም መልስ ላይ። መልሱ አንዳንዴ በሳምንቱ ይሆናል፤ ወደቡ ከተጨናነቀ ወር ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመለሳል። ለዚህ ለመጨረሻው ዓይነት እትዬ የተለየ ገጽ አላቸው።

እትዬ የምላቸው እኔ ቀትሩን የማሳልፍበት ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። የባቲ ሰው ናቸው፤ ሾፌሮቹ ሁሉ እትዬ ይሏቸዋል። እሳቸው ሽበት ያወጣውንም ሳይቀር «ልጄ» ይላሉ። ልጄ ማለታቸው ዱቤውን አያስቀረውም። ደብተራቸው የሰው ስም እምብዛም የለበትም። ባለ ቦቴው፣ ባለ ሲኖው፣ ባለ ሰማያዊ ተሳቢው፣ ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው እየተባለ ነው ገጽ የሚሰጠው። ሾፌር መኪና ሲቀይር መጠሪያውም አብሮ ስለሚቀየር፣ ባለ ቦቴው አንድ ቀን አይሱዙ ይዞ ከተፍ ሲል «የዱሮው ባለ ቦቴ» የሚል ሉክ በመሃል ይገባለታል። ሰውየው ያው ነው፣ ዕዳውም ያው ነው፤ የተቀየረው ጎማው ብቻ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን የገጽ መሙላት ነው። ለአንድ ሾፌር አንድ ገጽ ተሰጥቶታል እንበል። ገጹ በጥብስና በፓስታ ይሞላል። የሚቀጥለው ገጽ የሌላ ሰው ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ቢሆን «ወደ ገጽ 31 ዞሯል» ብሎ ከግርጌው ጽፎ ይገላገላል። እትዬ ይህን ዘዴ አይወዱትም። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ ዕዳውን ግማሽ ያየ ሰው ግማሽ ይከፍላል። ሾፌሩ ገጹን ገልጦ፣ ከላይ እስከ ታች ዓይኑን አሂዶ፣ በዚያው ትንፋሽ ወደ ቀጣዩ ተሻግሮ ድምሩን ካላየ «ይኸው ነው?» ይልና ይኸውን ብቻ ቆጥሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዕዳው ከዕዳው ጎን መሆን አለበት። ጎን ቦታ ከሌለ ደግሞ ቦታ ይሠራለታል።

ቦታ መሥራት ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። ደብተር ማለት የታጠፉ ሉኮች በመሃላቸው በሁለት ሽቦ የተወጉበት ነገር ነው። ልክ እመሃሉ ላይ ለመጨመር ሽቦውን ማቅናት፣ አዲሱን ሉክ ማጋደም፣ ሽቦውን መልሶ ማጠፍ ይበቃል፤ ተማሪ ሆኖ ይህን ያላደረገ የለም። የማይገፋው ከመሃሉ ውጭ ያለው ነው። እያንዳንዱ ሉክ ሁለት ክንፍ አለው። አንዱን ክንፍ በባለ ቦቴው ዘንድ ብታስገባው፣ ሌላው ክንፍ ከደብተሩ ወዲያኛው አጋማሽ፣ ከማያውቀው ሰው ቤት ብቅ ይላል። በእትዬ ደብተር ወዲያኛው አጋማሽ የሾፌሮቹ ዕቁብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ፓስታ ተብሎ የገባ ሉክ፣ በዕቁቡ መሃል ማንም ያልከፈለበት፣ ማንም ዕጣ ያልወጣለት ባዶ ገጽ ይዘረጋል። አንዴ እንዲህ ሆኖ፣ ያን ባዶ ገጽ አንድ ረዳት የራሱን ስም ጽፎበት ተገኝቷል አሉ።

ስለዚህ ሉኩ ይቆረጣል። አንዱ ክንፍ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ከሌላው ክንፍ አንድ ጣት የሚሆን ጠርዝ ብቻ ይተዋል። ያ ጠርዝ በእጥፋቱ ዞሮ ከጎረቤቱ ገጽ ጋር ይያያዛል። በምን ይያያዝ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፕላስተር ደጋ ላይ ፕላስተር ነው፤ ሚሌ ላይ ሙጫው ይቀልጥና ወረቀቱ ከተለጠፈበት ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የግንቦት ጥብስ በሰኔ ከሌላ ሰው ገጽ ላይ ይገኛል። ኮላ ቢቀባ፣ ጣትህን ከጠርሙሱ ወደ ወረቀቱ እስክታደርስ ጣትህ ላይ ደርቋል። የዱቄት ሙቅ ጥሩ ይይዛል፤ ግን በረሮ ይወደዋል፤ በረሮ ደግሞ ሙቁን ሲበላ ሂሳቡንም አይተውም። እትዬ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ ወስፌ ተመለሱ። ሦስት ቀዳዳ ይወጋሉ፣ ከስንዴ ማዳበሪያ አፍ የተመዘዘ ነጭ ክር ያስገባሉ፣ ጫፉን ቋጥረው በጥርሳቸው ይቆርጡታል። ሾፌሩ የዕዳውን ስፌት ቆሞ ያያል። ይህን ሲያይ ሽሮ የጠየቀ ሰው እንኳ ሐሳቡን ለውጦ ሻሂ ብቻ ይጠጣል።

እትዬ ይህን ከማንም አልተማሩትም፤ ግን ከሚሌ ተነስቶ ባቲን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን አልፎ ሐይቅ የሚደርስ ሰው ያንኑ አንድ ጣት ጠርዝ በብራና ላይ ያገኘዋል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን አጥፎ፣ ብዙ ጊዜ አራቱን በአንድ አድርጎ ስምንት ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሠራል። ከጻፈ በኋላ አንድ ቅጠል ቢጎድል፣ ወይም ሥዕል ይግባበት ቢባል፣ ነጠላ ብራና ይቆርጥና ጠርዙን አስቀርቶ በእጥፋቱ አዙሮ ይሰፋዋል። የድሮ መጽሐፍ ስትገልጥ በሁለት ገጽ መካከል ጠባብ የብራና ጠርዝ ብቅ ካለ፣ ወዲያኛው ዘንድ ነጠላ ሆኖ የገባ ቅጠል አለ ማለት ነው። መጽሐፉን የሚያጠኑ ሰዎች ከጽሑፉ በፊት የሚያዩት ያንን ጠርዝ ነው፤ የመጽሐፉ ሐሜት ያለው እዚያ ነውና።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ ነው። መጽሐፉ አራቱ ወንጌላት ነው፤ ነገር ግን በባዶ ቦታው ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና ሌሎች የገዳሙ ጉዳዮች ገብተውበታል። ይህ የሐይቅ ብቻ ልማድ አይደለም። በየገዳሙ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የዕርቅ ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ ሁሉም የሚገባው በወንጌል መሃልና ጠርዝ ነበር። ወንጌልን ማን ይፍቃል? ደግሞም ከግርጌው የሚፍቀውን፣ የሚሰርቀውን፣ የሚሽረውን ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል አለበት። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ተብሎ የሚሰጠን ወረቀት እንዲህ ያለ አስፈራሪ መስመር ቢኖረው ስንቱ ክስ በቀረ ነበር። ቤተ ሰቡም ከዚህ አልራቀም፤ የልጅ ልደት፣ የክርስትና ስም፣ የሟች ሙት ዓመት የሚጻፈው ከአያት በወረደው ዳዊት ባዶ ገጽ ነው። ቦታ ሲያልቅ ወረቀት ይጨመራል፤ እኔ የማውቀው አንድ ዳዊት በመሃሉ የውሃ ክፍያ ደረሰኝም አለበት፣ ያውም የተከፈለ።

መዝገበ ቃላትም ቢሆን በዚህ መንገድ ነው ያደገው። የግእዙ ትልቅ መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፣ ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ወደ ተማሪያቸው ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ከእሳቸው ደግሞ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ እየተላለፈ በ1948 ዓ.ም. ነው የታተመው። ሦስት ትውልድ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲጨምር የኖረ ነው። እንግሊዞች ግን ነገሩን ዕብደት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1769 ጄምስ ግሬንጀር የሚባል ቄስ የታወቁ እንግሊዛውያንን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ አንባቢዎቹ ደግሞ ስሙ የተጠራውን ሰው ሥዕል ሁሉ ከሌላ መጽሐፍ እየቀደዱ በመሃሉ ማስገባት ጀመሩ። ልማዱ ተዛምቶ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ከ30,000 በላይ ሥዕልና ወረቀት ገብቶበት 60 ጥራዝ ሆኗል፤ ዛሬ ካሊፎርኒያ በሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተቀደዱት መጻሕፍትስ ምን ሆኑ የሚለውን ማንም አልጠየቀም። እትዬ ቢሆኑ ይጠይቁ ነበር።

ወደ ሚሌ ልመለስ። ጣልቃ የገባ ገጽ መጣላትን ያመጣል። አንድ ባለ ተሳቢ፣ ሰፋ ያለ ሰው፣ የተሰፋለትን ሉክ ገልጦ ካየ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ የኔ ገጽ አይደለም፤ ሌሊት የተከተተ ነው» አለ። ጎረድ ጎረዱን በልቻለሁ፣ ክትፎውን ግን አላውቀውም ባይ ነው። ምግብ ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ አልተቆጡም። «አብሽር ልጄ» ብለው ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በስፌቱ ላይ፣ ግማሹ በቀድሞው ገጽ፣ ግማሹ በአዲሱ ሉክ ላይ ያረፈ ፊርማ ነበር፤ የራሱ ፊርማ። ሉክ በተሰፋ ቁጥር ባለ ዕዳው በመገጣጠሚያው ላይ አቋርጦ ይፈርማል። መሥሪያ ቤት ፎቶ ለጥፎ ማህተሙን ግማሹን በፎቶው፣ ግማሹን በወረቀቱ ላይ እንደሚመታው ነው፤ አንዱ ከአንዱ ቢለይ ግማሽ ማህተም ይዞ ይቀራል። ባለ ተሳቢው ፊርማውን አየ፣ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ «ክትፎው ለስላሳ ነበር መሰለኝ፣ ለዚያ ነው የረሳሁት» አለና ከፈለ።

እኔ ስፌቱ የሚታይ መጽሐፍ አምናለሁ። ንጹሕ ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር ሲቀርብልኝ ግን እጠራጠራለሁ። በአንድ ሌሊት የተጻፈ ዓመት እንዲያ ነው የሚመስለው። የኦዲት ሰዎችም ይህን ያውቃሉ፤ የተጨመቀ ሎሚ ያልነካው፣ የወጥ ነጠብጣብ የሌለው የምግብ ቤት ሂሳብ ካዩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

በእትዬ ደንበኞች መካከል ግን ደብተር የማይወዱ አሉ። አንድ አፋር ሽማግሌ፣ ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወጡ፣ ዱቤ ይወስዳሉ፤ እንዲጻፍ ግን አይፈልጉም። ሲመለሱ ቁጭ ይሉና ይናገራሉ፦ ምን እንደወሰዱ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር፣ ምን ያህል እንደተባባሉ። እትዬ ደብተራቸውን ሳይገልጡ ያዳምጣሉ። ሽማግሌው ያደጉት በዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይሉና ወሬ ይሰጣጣሉ፤ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሰላሙን፣ የእንግዳውን። ነጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው አስረድቶ መናገር አለበት፤ ሰሚው ደግሞ ያንኑ ይዞ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። ሐሰት የጨመረ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ያለ ወረቀት የሚተላለፍ ነው፤ ግን በመሃሉ የገባ ነገር ሁሉ ከነስፌቱ ነው የሚተላለፈው።

የኛን የደገኞቹን ወሬ ከዚህ ጋር ማወዳደር ያሳፍራል። ሚሌ ላይ የአንድ ተሳቢ ጎማ ይፈነዳል። ባቲ ሲደርስ ተሳቢው ተገልብጧል። ኮምቦልቻ ላይ ሾፌሩ ሆስፒታል ገብቷል። ደሴ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ እየተቀቀለ ነው። ሾፌሩ ራሱ ደግሞ ሚሌ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ ሻሂውን እየጠጣ ስልኩ ይጠራል፤ አልቅሰው የጨረሱ አክስቱ ናቸው፤ በሕይወት መኖሩን ሲሰሙ ተቆጡ አሉ። በየከተማው አንድ ሉክ ገብቷል፤ ማን እንዳስገባው፣ የት እንደተሰፋ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። «ጎማውን ያየው ማነው?» ብቻ አሉ።

ከእትዬ ደብተር ገጾች አንዱ ላይ «አጥንት ፈላጊው» የሚል ተጽፏል። የዚህ ገጽ ባለቤት ራሱ አጥንት አይፈልግም፤ አጥንት ፈላጊዎችን የሚያመላልስ የላንድ ክሩዘር ሾፌር ነው። ወቅቱ ሲደርስ ድንኳን፣ ወንፊት፣ ጀሪካን ጭኖ ያልፋል። እሱ ሲመጣ ምግብ ቤቱ ትምህርት ቤት ይሆናል። ሚሌ ዙሪያዋ ሁሉ መጽሐፍ ነውና። እሳተ ገሞራ በየዘመኑ አመድ ይነዛል፣ ሐይቅና ወንዝ ደለል ያለብሰዋል፣ ሌላ አመድ ይመጣል፤ ምድሩ እንዲህ እየተነባበረ ይቆይና ወንዙ በጎን ሲቆርጠው ገጾቹ ይታያሉ። የአመዱ ዕድሜ በቤተ ሙከራ ስለሚለካ የገጽ ቁጥርም አለው ማለት ነው። ችግሩ ብዙ ገጽ ጎድሎታል።

የሐዳሯ ሉሲ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ስትገኝ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገጽ ሆና ገባች። ከሉሲ ወገኖች ማብቂያ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ እስከ 2.3 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ግን የኛ የሰው ዘር እንዴት እንደጀመረ የሚናገር ገጽ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2005 ዓ.ም. ቻላቸው ሥዩም፣ ያኔ ተማሪ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ ለሚሌ ቅርብ በሆነው በሌዲ ገራሩ አንድ ግማሽ መንጋጋ ከምድር ላይ አነሳ። ጥርሱ አምስት ብቻ ነው። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ በሁለቱ መካከል ገባ።

የወራንሶ ሚሌው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በሚመሩት ጥናት፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሚሮ ዶራ በሚባል ቦታ አንድ የአካባቢው አፋር የላይኛውን መንጋጋ አገኘ። የቀረው የራስ ቅል ጥቂት ሜትር ርቆ ነበር፤ ግን ቦታው ፍየል የሚያድርበት ስለሆነ ሳይንቲስቶቹ የፍየል በጠጥ በወንፊት መንፋት ነበረባቸው። የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱ የራስ ቅል በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በኔቸር መጽሔት ወጣ። ከዚያ በፊት መጽሐፉ ቀጥ ያለ ነበር፦ አናመንሲስ የሚባለው ዝርያ ያልቃል፣ ገጹ ይገለበጣል፣ የሉሲ ዝርያ ይጀምራል። አዲሱ ገጽ ሲሰፋ ግን ሁለቱ ቢያንስ 100,000 ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል የሚል ነገር መጣ። አባትና ልጅ የተባሉት በአንድ ጊዜ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ሁሉም ሳይንቲስት በዚህ ተስማምቷል ማለት አይደለም፤ መገጣጠሚያው ላይ ገና እየተፈራረሙ ነው።

ሾፌሩ ይህን ሲተርክ እትዬ ድንች እየላጡ ሰሙ። «ስንት ዓመት አልከኝ?» አሉ።

«3.8 ሚሊዮን።»

«በዚህ በኛ መንገድ ነው?»

«እዚሁ፣ ሰሜን ምዕራብ በኩል።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ይኸም መልስ ላይ ብሎ የሄደ ነው» አሉ።

ሳቁ ሳያልቅ ሽማግሌው አፋር ጣልቃ ገቡ። የራስ ቅሉን መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሾፌሩ የአገሩ ሰው መሆኑን ነገራቸው። እንዴት እንዳየው፣ ከዚያ ለማን እንደነገረ፣ ሳይንቲስቶቹስ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደመጡ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሾፌሩ ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» እያለ መለሰ። ሲጨርስ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኔቸር መጽሔት ከማተሙ በፊት በገምጋሚዎች ያደረገውን ምርመራ እሳቸው በአንድ ብርጭቆ ሻሂ ጨረሱት።

እትዬ የቀድሞውን ደብተርም አልጣሉትም። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ከሽፋኑ ላይ «አሰብ» ይላል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ይህ መንገድ ዋናው ግቡ አሰብ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ደብተሩ ግን ገና ባዶ ገጽ ነበረበት፤ ወረቀትም ውድ ነበር። ስለዚህ በአሰብ ሾፌሮች መሃል «ጅቡቲ» የሚሉ ሉኮች ተሰፍተውበታል። ከባለ ዕዳዎቹ ከፊሉ አልተመለሱም፤ የተሻገሩበት መንገድ ከኋላቸው ተዘጋ። እነዚያ ገጾች አልተሰረዙም። አንድ ጊዜ ለምን አይሰርዟቸውም ብያቸው፣ «መንገዱ ተከፈተ ሲባል አልሰማህም? ሰላም ከሆነ ደግሞ ይመጣሉ፤ ፓስታው የዚያን ጊዜ ስንት ነበር?» ብለው ወደ ድምሩ ሄዱ።

አሁን የቀረኝ የረዳቱ ነገር ነው። ረዳቶች በዚህ ደብተር ውስጥ የራሳቸው ገጽ የላቸውም፤ በሾፌራቸው ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ። አንዱ ግን ዕድገት ፈልጎ፣ እትዬም እሺ ብለው ሙሉ ገጽ ሰጥተውት ነበር። በሁለት ወር ሞላው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሾፌሩ ጎማ ሲያስነፋ፣ ይህ ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የስፌት ትምህርት የሚማር መስሎ ስለ ሉኩ ይጠይቃል። ማስገባት ከተቻለ ማውጣትም ይቻላል ወይ? ስፌት የሌለበት፣ ከመጀመሪያው ደብተሩ ጋር የመጣ ገጽ ቢወጣስ ይታወቃል ወይ?

እትዬ መልስ አልሰጡትም። የደብተሩን ጎማ ፈትተው ገጹን ገለጡለት፤ ከዚያ ሉኩን ይዘው በመሃሉ በኩል ወደ ወዲያኛው አጋማሽ በጣታቸው ተከተሉት፤ እንዳይጠፋባቸው እየዳሰሱ፣ ሽቦውን አልፈው፣ የዚያው ሉክ ሌላ ክንፍ ላይ ደረሱ። ዕቁቡ ነው። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ስም አለ፤ ገንዘቡን የሚወስዱት በወሩ መጨረሻ ነው። የልጁ ስም ሁለተኛ ነበር።

«ቅደዳት እንግዲህ» አሉ።

ልጁ ክንፉን አየ፣ ወዲያኛውን ክንፍ አየ። ደብተሩን ራሱ ከደነው፤ ጎማውንም አስሮ ወደ እሳቸው ገፋው።

«ትቆይ» አለ። «እትዬ፣ ሻሂ ይጨምሩልኝ። ይጻፉት።»